ሳይክል ምቾቱን የት ጣለው? የ26 ኢንች ጎማ ታሪክ

አዲስ አበባ ለሳይክል መንገድ መሥራት ጀምራለች። በኮሪደር ልማቱ በታደሱት ጎዳናዎች ዳር ከእግረኛውም ከመኪናውም የተለየ የሳይክል መስመር ተዘርግቷል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ አንዳንድ ጎዳናዎች ለተወሰኑ ሰዓታት ከመኪና ነፃ ሲሆኑ ታይቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የነዳጅ ሰልፍና የታክሲ ወረፋ ያማረረው ሕዝብ በሚኖርበት ከተማ ይህ ሁሉ ሲደመር ሠራተኛው በሳይክል ሲመላለስ መታየት ነበረበት። እስካሁን ግን በመስመሩ ላይ የሚበዛው ስፖርተኛና ልጅ ነው።

ምክንያቱ ሲጠየቅ ዳገቱ ይነሳል፣ ክረምቱ ይነሳል፣ የአሽከርካሪው ጠባይ ይነሳል። ሁሉም እውነት አላቸው። ብዙ የማይነሳ አንድ ምክንያት ግን አለ፤ ሳይክሉ ራሱ አይመችም። ጀርባ ያጎብጣል፣ መዳፍ ያደነዝዛል፣ የሱሪ ጫፍ በግራሶ ያቆሽሻል፣ ዝናብ በጣለ ቀን ከኋላ ጎማው የሚፈናጠረው ጭቃ ኮቱ ላይ መስመር ያሰምራል። ቀሚስ ለለበሰች ሴትማ ጨርሶ አልታሰበም። በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ተቀምጦ ቢሮ መግባት የሚፈልግ ሰው ቢጠፋ አይገርምም።

ብዙ ሰው ይህን የሳይክል ተፈጥሮ አድርጎ ያየዋል። አይደለም። ሳይክል መጀመሪያ ሲሠራ ለምቾትና ለደኅንነት ተብሎ ነው የተሠራው፤ ምቾቱን ያጣው በኋላ፣ በታወቁ ሰዎችና በታወቁ ዓመታት ነው።

የዛሬው ሳይክል ቅርጽ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1885 በእንግሊዟ ኮቨንትሪ ከተማ ጆን ኬምፕ ስታርሊ የሠራው «ሮቨር» ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሳይክል የፊት ጎማው የሰው ቁመት የሚያህል፣ የኋላው ደግሞ ትንሽ ስለነበር የሚነዳው ድፍረት ያለው ወጣት ብቻ ነበር፤ ወድቆ አንገቱን የሰበረም አለ። ስታርሊ ሁለቱን ጎማዎች አቀራረበና ኃይሉን በሰንሰለት ወደ ኋላ ጎማ ወሰደው። ይህን ዓይነቱን ሳይክል እንግሊዞች «የደኅንነት ሳይክል» ማለታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤልፋስት ውስጥ ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ የልጁ ባለሦስት እግር ሳይክል ደረቅ ጎማ በኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ አይቶ አየር የሚሞላ ጎማ ሠራለት። በ1888 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። መነሻው የአንድ ልጅ ምቾት ነበር። ሰው ግን በወፍራሙ ጎማ ሳቀ። ሳቁ የቆመው በ1889 ዊሊ ሂዩም የሚባል ተወዳዳሪ በዚያ ጎማ ቤልፋስት ላይ ተወዳድሮ ሲያሸንፍበት ነው። ምቾት ገበያ የገባው በውድድር በር መሆኑን ልብ ይሏል። በዚያው በር የሚባረርበት ጊዜም ሩቅ አልነበረም።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ እንግሊዞች ለተራው ሠራተኛ የሚሆነውን ሳይክል አስተካክለው ጨርሰው ነበር። መሪው ወደ ነጂው የተቆለመመ፣ ኮርቻው ሰፊና ከሥሩ ሞላ ያለው፣ ፓራፋንጎ የተገጠመለት፣ ሰንሰለቱ በቆርቆሮ የተሸፈነ፣ ከ1902 በኋላ ደግሞ በኋላ ጎማው ማዕከል ውስጥ ሦስት ማርሽ የተደበቀለት ሳይክል ነው። ኔዘርላንዶች ይህን ቅርጽ ወስደው እስከ ዛሬ አለቀቁትም። ቻይናም በ1950 ቲያንጂን ውስጥ «በራሪ ርግብ» የተባለውን ሳይክል መሥራት ስትጀምር አርአያዋ ያው የእንግሊዝ ሳይክል ነበር። ሆላንዳዊት አያት ኮት ለብሳ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ገበያ ስትሄድ የሚያይ ሰው ያገሩ ሰው ልዩ ጉልበት ያለው ይመስለዋል። ጉልበቱ የሚወጣው ግን ከሳይክሉ ቅርጽና ከተመቻቸለት መንገድ ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ነገሩ ወደ ክርክር ሄደ። በሴንት ኤትየን ከተማ ይኖር የነበረውና «ቬሎሲዮ» በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ፖል ደ ቪቪ በመጽሔቱ ላይ ዕድሜውን ሙሉ የሰበከው አንድ ነገር ነበር፤ ሳይክል ብዙ ማርሽ ይኑረው፣ ጎማውም ሰፋ ይበል፣ ሰው ዳገት ሲወጣ አይሠቃይ። በሌላ በኩል የቆመው በ1903 ቱር ደ ፍራንስን የመሠረተው አንሪ ደግራንዥ ነው። ለደግራንዥ ማርሽ መቀየር የደካማ መላ ነበር፤ ውድድሩ የሰውን ጽናት እንጂ የማሽንን ብልሃት መለካት የለበትም ባይ ነው። በዚህም የተነሳ ማርሽ መቀየሪያ በቱር ደ ፍራንስ የተፈቀደው በ1937 ነው። ተራው ፈረንሳዊ ዳገት መውጣት ሲያቅተው የኖረው በከፊል አንድ የውድድር አዘጋጅ ሥቃይን ስለወደደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ አሜሪካ። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ በ1933፣ የቺካጎው ሽዊን ኩባንያ ከጀርመን ያየውን ወፍራም ባለ አየር ጎማ በሳይክሎቹ ላይ ገጠመ። የጎማው ቁመት 26 ኢንች፣ ስፋቱ ከ2 ኢንች ትንሽ በለጥ ያለ ነበር። ደንበኞቹ ልጆችና ጋዜጣ አዳይ ወጣቶች ናቸው። ሳይክሉ ከባድ ነው፣ ማርሹ አንድ ነው፣ ፍሬኑ ፔዳሉን ወደኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ነው። ግን አይሰበርም፤ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ዘሎ ቢወርድም ቸርኬው አይጣመምም። ይህን የ26 ኢንች ጎማ መያዝ ያስፈልጋል፤ ታሪኩ ከዚህ በኋላ በእሱ ላይ ይሽከረከራልና።

አሜሪካውያን ጎልማሶች ወደ ሳይክል የተመለሱት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1973፣ የነዳጅ ማዕቀቡ በመጣበት ዓመት፣ ወደ 15 ሚሊዮን ሳይክል ተሸጠ። የተሸጠላቸው ግን ምን ነበር? ባለ አሥር ማርሽ፣ ቀጭን ጎማ፣ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ መሪ ያለው የውድድር ሳይክል። ደብዳቤ ሊጥል፣ ዳቦ ሊገዛ የሚወጣ ሰው እንደ ተወዳዳሪ ጎንበስ እንዲል ተደረገ። ሽያጩ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። ከእነዚያ ሳይክሎች ብዙዎቹ ጋራዥ ውስጥ ተሰቅለው ቀሩ።

እዚህ ላይ ነገሩን ማብራራት ይገባል፤ ብዙ ሰው «የውድድር ሳይክል ጥሩ ሳይክል ነው፣ አለመመቸቱ የእኔ ድክመት ነው» ብሎ ያስባልና። ተወዳዳሪ ጎንበስ የሚለው ንፋሱን ለመቁረጥ ነው፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲጋልብ ትልቁ ጠላቱ አየሩ ነው። ፔዳሉን አጥብቆ ስለሚረግጥም እግሩ የላይኛውን አካሉን ክብደት ይሸከምለታል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ግን አየሩ ይህን ያህል አያስቸግረውም፣ ፔዳሉንም በዚያ ኃይል አይረግጥም። በተወዳዳሪ አቀማመጥ ሲቀመጥ ታዲያ የሰውነቱ ክብደት የሚያርፈው መዳፉና አንገቱ ላይ ነው። መደንዘዙም ሕመሙም ከዚህ ይመጣል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪን በሚባል አውራጃ የነበሩ ጥቂት ወጣቶች ያደረጉት ነገር የተለየ ነበር። ከአሮጌ ዕቃ መደብርና ከየሰው ጓሮ ያረጁ የ1930ዎቹና የ40ዎቹ የሽዊን ሳይክሎችን በጥቂት ዶላር እየለቀሙ፣ አላስፈላጊውን ቆርቆሮ እየነቀሉ፣ ከታማልፓይስ ተራራ በአቧራው መንገድ ቁልቁል ይለቋቸው ጀመር። ከ1976 ጀምሮ የሚወዳደሩበት ቁልቁለት «ሪፓክ» ተባለ፤ ትርጉሙ «እንደገና ሙላው» እንደማለት ነው። ከአንድ መውረድ በኋላ የኋላ ፍሬኑ ከመጋሉ የተነሳ ውስጡ ያለው ግራሶ ጭስ ሆኖ ስለሚያልቅ በአዲስ መሙላት ግድ ነበር።

መውረዱ ቀላል ነው፤ መውጣቱ ግን በአንድ ማርሽ አይሆንም። እናም ጋሪ ፊሸርና ባልደረቦቹ ከሌላ ሳይክል ማርሽ ነቅለው ገጠሙ፣ የሞተር ሳይክል የፍሬን መያዣ ጨመሩ፣ ሰፊ መሪ አስገቡ። በ1977 ጆ ብሪዝ ለዚሁ ዓላማ አዲስ ቴላዮ ሠራ። በ1981 «ስፔሻላይዝድ» የተባለው ኩባንያ «ስታምፕጃምፐር» ብሎ በፋብሪካ አምርቶ ሸጠው። ማውንቴን ሳይክል እንዲህ ተወለደ፤ ከላብራቶሪ ሳይሆን ከቁራሌው አሮጌ ብረት።

ሰው ማውንቴን ሳይክልን የወደደው ተራራ ስላለው አልነበረም። ከገዙት አብዛኞቹ ተራራ አልወጡበትም። የወደዱት ቀና ብለው ስለሚቀመጡበት፣ ጎማው ጉድጓድ ስለሚችል፣ ፍሬኑ ስለሚይዝ፣ ማርሹም ዳገት ስለሚያስወጣ ነው። ሳይታሰብ የተገኘ የከተማ ሳይክል ነበር ማለት ይቻላል። በ1980ዎቹ የተሠሩት፣ የፊት ሹካቸው ያለ ሞላ የሆነው የብረት ሳይክሎች እስከ ዛሬ የሚፈለጉትም ለዚህ ነው።

ከዚያ ውድድር እንደገና መጣ። መሪው ዝቅ አለ፣ ቴላዮው ረዘመ፣ ነጂው እንደገና ተለጠጠ። በ1980ዎቹ መጨረሻ «ሮክሾክስ» ባለ ሞላ የፊት ሹካ ይዞ ብቅ አለ። ለተወዳዳሪው እውነተኛ ጥቅም ነበረው። ጥፋቱ የመጣው ርካሹ ቅጂ በየገበያው ሲሠራጭ ነው። ርካሽ ሞላ ከባድ ነው፣ ፔዳል በተረገጠ ቁጥር እየሰመጠ ጉልበት ይበላል፣ ውሃ ሲገባው ይዝግና ጨርሶ መሥራቱን ያቆማል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ከሚታዩት ሳይክሎች ብዙዎቹ የዚህ ርካሽ ቅጂ ዘሮች ናቸው፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ የማይሠራ ሞላ፣ ጥርሳም ጎማ።

ከ2010 በኋላ ደግሞ ኢንዱስትሪው 26 ኢንቹን ራሱን ጥሎ ወደ 29 እና 27.5 ኢንች ዞረ። ምክንያቱ ያው ውድድር ነው፤ ትልቅ ጎማ በድንጋይ ላይ ይፈጥናል። በዚህም በመላው ዓለም እጅግ ብዙ ደህና የብረት ቴላዮ በአንድ ጊዜ «አሮጌ» ሆነ።

ይህን ያዩ ሰዎች ማሪኖች የሠሩትን ገልብጠው ሠሩት። ማሪኖች የከተማውን ሳይክል ወደ ተራራ ወሰዱ፤ እነዚህ ደግሞ የተራራውን ወደ ከተማ መለሱ። ቀድሞ መንገዱን ካሳዩት አንዱ ግራንት ፒተርሰን ነው። የጃፓኑ ብሪጅስቶን የአሜሪካ ቅርንጫፍ ሠራተኛ በነበረበት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባለ 26 ኢንች ጎማ፣ ወደ ጎን የተቆለመመ መሪ ያለው ሳይክል አወጣ። ገበያው ብዙም አልገባውም፤ ቅርንጫፉ በ1994 ተዘጋ። ፒተርሰን የራሱን አነስተኛ ኩባንያ ከፍቶ ሳይክል ለተወዳዳሪ ሳይሆን ለሰው ይሠራ እያለ መጻፉን ቀጠለ። በዚያን ጊዜ እንደ አክራሪ የታየው ሐሳቡ አሁን ተራ ዕውቀት ሆኗል። እንዲያውም የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎች ራሳቸው ከቀድሞው 23 ሚሊ ሜትር ወደ 28 እና ከዚያ በላይ ወደ ሆነ ሰፊ ጎማ ተሸጋግረዋል። ቬሎሲዮ በሕይወት ቢኖር ይስቅ ነበር።

ምቾት ቅንጦት ነው የሚል ካለ የሃቫናን ታሪክ ይመልከት። ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ ኩባ ነዳጅ አጣች። መንግሥት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሳይክል ከቻይና አስመጣ፤ በሃቫና ወደብ ሥር በሚያልፈው ዋሻ ሳይክልና ነጂውን አብሮ የሚጭን አውቶቡስ ተመደበ። ከተማዋ በአንድ ጊዜ የሳይክል ከተማ ሆነች። ግን ሳይክሉ ከባድና ባለ አንድ ማርሽ ነበር፤ የሚነዳውም በቂ ምግብ ያላገኘ ሰው ነበር። ነዳጅ ሲመለስ ሕዝቡ ሳይክሉን እንደ ችግር ዘመን ትዝታ ጥሎት ወደ አውቶቡስና ወደ አሮጌ መኪናው ተመለሰ። ኔዘርላንዶች በዚያው በ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ወደ ሳይክል ሲመለሱ ግን አልተዉትም፤ መንገዱንም ሠሩ፣ ሳይክላቸውም ከመጀመሪያው የሚመች ነበር። አዲስ አበባ መንገዱን እየሠራች ነው። ስለ ሳይክሉ የሚያወራ ግን እምብዛም የለም።

በኢትዮጵያ ሳይክል ስሙ የተነሳው በውድድር ነው። አገሪቱ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር ገረመው ደንቦባን ጨምሮ ሳይክል ተወዳዳሪዎች ልካ ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላ መቀሌ ያፈራችው ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ተሰልፏል። ኩራት ነው። ነገር ግን ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ በሜዳው መንገድ ሳይክልን ለዕለት ሥራ የሚጠቀመው ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙ አይነሳም፤ ሳይክሉን ለመቀየርና ለማሻሻል ያለው ጥበብም ተመዝግቦ አያውቅም።

ጥበቡ ግን አለ። ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ፓራፋንጎ፣ ጎሚስታ፣ ፍሬን፣ ቴላዮ፣ ሁሉም ከጣልያንኛ በጋራዥ በኩል ገብተው አማርኛ ሆነዋል። እነዚህን ቃላት የሚያውቅ መካኒክ በየሰፈሩ አለ። አሮጌ ማውንቴን ሳይክልን ወደ ሥራ መመላለሻ ለመለወጥ ከዚያ የበለጠ አያስፈልግም።

ሥራው የሚጀምረው ቴላዮውን በመመርመር ነው። ቱቦዎቹ ከመሪው በታች በሚገናኙበት ቦታ ስንጥቅ ካለ ይተዋል። የኮርቻው ዘንግ ዝጎ ካልወጣም ሰውየው ገንዘቡን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል። ብረት ከሆነ ግን ትንሽ ዝገት አያስፈራም፤ ብረት ይበየዳል፣ አልሙኒየም ግን እንደ ብረቱ በየሰፈሩ አይበየድም። ቀጥሎ ኩሽኔታዎቹ ይፈቱና በአዲስ ግራሶ ይታሸጋሉ፤ የፍሬን ጎማና ገመድ ይቀየራል። ይህ ሳይደረግ ስለ ምቾት ማውራት ቀልድ ነው።

ከዚያ ጎማ። ጥርሳሙ ጎማ አስፋልት ላይ ይጮሃል፣ ጉልበት ይበላል፤ ለስላሳ ፊት ያለውና ሰፊው ግን ከመጠን ሳይነፋ ቢሄድ የትኛውንም ርካሽ ሞላ ያስንቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። «26» ተብሎ የተጻፈ ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም። የማውንቴኑ ጎማ ጎኑ ላይ 559 የሚል ቁጥር አለው፤ የድሮው እንግሊዝኛ ባለ 26 ደግሞ 590 ነው፤ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም። ይህን ሳያይ ገዝቶ የሚመለስ ብዙ ነው።

መሪው ላይ ዕድል አለ። ወደ ኋላ የተቆለመመው የከተማ መሪ መያዣው ከማውንቴኑ ጋር እኩል ውፍረት ስላለው የድሮው የፍሬን መያዣና የማርሽ መቀየሪያ እንዳለ ይዛወራል። ገመዱ ብቻ ረዘም ይላል። የመሪው ዘንግ ወደ ላይ ሲሳብ ግን በላዩ የተቀረጸው ወሰን ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ተነቅሎ እጅ ላይ ይቀራል። ነጂው ቀና ሲል ክብደቱ ወደ መቀመጫው ስለሚዞር ጠባቡ ኮርቻ በሰፊ መተካት አለበት። ቁመቱም ተረከዝ ፔዳሉ ላይ አርፎ ፔዳሉ መጨረሻው ታች ሲደርስ ጉልበት የሚዘረጋበት ነው፤ ከዚያ ዝቅ ካለ ጉልበት ይታመማል። ፓራፋንጎ፣ የሰንሰለት መከለያ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛና መብራት ሲጨመሩለት ሳይክሉ ለክረምትም ለምሽትም፣ ለቀሚስም ለኮትም ይሆናል።

ስለ ዳገቱ የሚነሳው ክርክርም እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የሚወጣውን መንገድ በሆላንዶች ሳይክል መግፋት ቅጣት ነው፤ በሃቫናውም እንዲሁ። የአሮጌው ማውንቴን ሳይክል ግን ከፊት ሦስት የማርሽ ጥርሶች አሉት፤ ትንሿ ለተራራ የተሠራች ናት። ብዙ ነጂ ዝጋ እስክትቀር ድረስ ነክቷት አያውቅም። በእሷ ላይ ሰንሰለቱን አስቀምጦ፣ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ በእግረኛ ፍጥነት ቀስ እያለ ሲወጣ ሰውዬው ፒያሳ የሚደርሰው ሸሚዙ ሳይርስ ነው።